ስለ ርክክብ፦ ከወጣቶች ሐዋርያዊ ሥራ ስወጣ

በካቶሊክ ቁምስናችን (በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን) የወጣቶች ሐዋርያዊ ሥራ አስተባባሪ ሆኜ የማገለግልበት ዘመን በዚህ ክረምት አብቅቶ ኃላፊነቱን ለአዲሱ ኮሚቴ አስረክቤአለሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰዎች «ለምን ተውከው?» እያሉ ሲጠይቁኝ ሰንብተዋል፤ ጥያቄው ስለ ልማዳችን የሚናገረው ነገር ስላለ መልሱን ሰፋ አድርጌ ለመጻፍ ወሰንኩ። አልተውኩትም። ከማንም ጋር አልተቀያየምኩም፣ አልሰለቸኝም፣ ሰፈርም አልቀየርኩም። የመተዳደሪያ ደንባችን አንድ ሰው በአስተባባሪነት ሊመረጥ የሚችለው ሁለት ጊዜ ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ሁለተኛው ዘመኔ ስላለቀ ወጣሁ። ይህን ያህል ግልጽ የሆነ ነገር ማብራሪያ የሚያስፈልገው፣ በእኛ ዘንድ አገልግሎትን በጊዜው ጨርሶ የሚወጣ ሰው ብዙ ስለማይታይ ነው፤ አንድ ሰው ከአገልግሎት የሚለየው ወይ ሲያገባ፣ ወይ ውጭ ሀገር ሲሄድ፣ ወይ ከቆሞሱ (ከቁምስናው አስተዳዳሪ ካህን) ጋር ሲጋጭ ነው ተብሎ ይታሰባል፤ ከሦስቱ አንዱ ካልሆነ ነገሩ ተደብቋል ማለት ነው።

ቁምስናችን በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ከሚነሣበት ከቱሉ ዲምቱ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። አካባቢው በእኔ ልጅነት እርሻ ነበር፤ ዛሬ እስከ ኮዬ ፈጬ ድረስ የኮንዶሚኒየም ብሎኮች ተደርድረዋል፣ በቂሊንጦ በኩል ፋብሪካዎችና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አሉ፣ በመካከሉ ደግሞ ያልተጠናቀቁ ሕንጻዎችና የቀን ሠራተኞች የሚያድሩባቸው የቆርቆሮ ቤቶች ይገኛሉ። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ካቶሊኮች ከሀገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ያህል ነን፤ ስለዚህ በከተማው ዳርቻ ያለች አንዲት ቁምስና የምታገለግለው ብዙ ሰፈሮችን ነው። አንድ ወጣት ለእሑድ ቅዳሴ ለመድረስ መጀመሪያ ባጃጅ ይይዛል፣ ከዚያ ታክሲ ይሳፈራል፣ የቀረውን በእግሩ ይጨርሳል። ይህን የሚያውቅ ሰው አርፍዶ የገባን ልጅ ለመገሠጽ አፉ አይከፈትለትም።

የሚመጡት ወጣቶችም ከአንድ ቦታ የተገኙ አይደሉም። ከእምድብር ሀገረ ስብከት የመጡት የጉራጌ ልጆች እንደ አዲስ አበባ ሁሉ በግእዝ ሥርዓት ያደጉ ስለሆኑ ቅዳሴው አይከብዳቸውም፤ ከሆሳዕናና ከሶዶ በኩል የመጡት ግን በላቲን ሥርዓት ያደጉ ናቸው፤ የከበሮውና የጸናጽሉ ድምፅ፣ የቅዳሴው ርዝመት፣ ምእመናን የሚቀበሉት ዜማ ሁሉ መጀመሪያ ላይ እንግዳ ይሆንባቸዋል። ሁለቱም የአንዲት ቤተ ክርስቲያን ልጆች መሆናቸውን በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ማስረዳት ቀላል ነው፤ ዘወትር እሑድ አንዱ ሌላውን ሳይንቅ አብሮ መቆም ግን ጊዜ ይወስዳል። በዚህ ረገድ ከሁሉ በላይ የረዱን መዘምራኑ ናቸው። ከወላይታ የመጡ ልጆች በቋንቋቸው የሚዘምሩትን መዝሙር በበዓል ቀን ከግእዙና ከአማርኛው ጎን ማሰማት ሲጀምሩ፣ ጉዳዩ ያለ ስብከት ፈር ያዘ። (እናቶች እልል ያሉት ለየትኛው እንደሆነ ለማወቅ አልሞከርኩም፤ ለሁሉም እልል ብለዋል።)

ለዚህ ጽሑፍ ግን ዋናው ነገር ሌላ ነው፤ ወጣቶቹ አይቆዩም። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ይመረቃልና ይሄዳል። በፋብሪካ የምትሠራው ልጅ የተሻለ ደመወዝ ስታገኝ ወደ ሐዋሳ ትሻገራለች፣ ወይም ወደ ቤይሩት ለመሄድ ፓስፖርት ታወጣለች። የቀን ሠራተኛው ሕንጻው ሲያልቅ ወደ ሌላ ሕንጻ ይዞራል። የኮንዶሚኒየም ተከራዮች ልጆችም አከራዩ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ሰፈር ይለውጣሉ። መካከለኛው ከተማ ባሉት ነባር ቁምስናዎች አንድ ልጅ ተጠምቆ፣ ቆርቦ፣ ሜሮን ተቀብሎ፣ አድጎ፣ አግብቶ በዚያው ይኖራል፤ የወጣቶች ማኅበሩም በዚህ ላይ ይቆማል። ከዳር ያለነው ግን ዓመት ሳይዞር ግማሹ ሰው የሚለወጥበት ማኅበር ነው የምንመራው። እንዲህ ባለ ቦታ ሁሉም ሰው ተለዋውጦ አስተባባሪው ብቻ ሲቀር፣ ማኅበሩ ሳይታወቅ የአስተባባሪው ይሆናል፤ አዲስ የመጣው ልጅ የሚያገኘው የቁምስናውን ወጣቶች ሳይሆን የእገሌን ልጆች ነው። ደንባችን የአገልግሎት ዘመንን የወሰነበት ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ ትክክልም ነው።

በርካታ ቦታዎች እንዲህ አይደለም። ሠላሳ አምስት ዓመት ያለፋቸው፣ ልጆቻቸው ለመጀመሪያ ቁርባን የሚዘጋጁ የወጣቶች ሰብሳቢዎች አውቃለሁ፤ ደጋግ ሰዎች ናቸው፣ ካልሲና ጫማ ሳይቀር ከኪሳቸው ገዝተው ለድኃ ልጅ የሚሰጡ ናቸው፤ ነገር ግን ወጣት አይደሉም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው፤ በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ በቫቲካን ስለ ወጣቶች የተካሄደው የጳጳሳት ሲኖዶስም ከ16 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ነበር በዐይኑ የያዘው። ሁለቱ ተነጋግረው ያደረጉት አይደለም፤ ሆኖም ተገናኝተዋል። እኔ የራሴን ጊዜ ያወቅሁት በፖሊሲም በሲኖዶስም አይደለም፤ አዲስ የሚመጡት ልጆች በስሜ መጥራት ትተው «ጋሼ» ሲሉኝ ነው። ጋሼ የተባለ ሰው ይከበራል፣ ወንበር ይለቀቅለታል፣ ሲገባ ወሬ ይቋረጣል። ወሬ የሚቋረጥለት ሰው ደግሞ ወጣቶቹ በእውነት የሚያወሩትን አይሰማም።

ከሲኖዶሱ በኋላ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት (ር.ሊ.ጳ.) ፍራንቼስኮስ መጋቢት 2011 ዓ.ም. የፈረሙት «ክርስቶስ ሕያው ነው» የተሰኘው ሐዋርያዊ ቃለ ምዕዳን ሰባተኛ ምዕራፉን በሙሉ የሰጠው ለወጣቶች ሐዋርያዊ ሥራ ነው። እዚያ ላይ ወጣቶች የአገልግሎቱ ተቀባዮች ብቻ ሳይሆኑ ራሳቸው ሠሪዎቹ እንደሆኑ፣ መታጀብና መመራት ቢያስፈልጋቸውም አዲስ መንገድ ለመፈለግ ነጻነት ሊኖራቸው እንደሚገባ ተጽፏል። በየሥልጠናው ይህን ክፍል እናነባለን፤ በጣም የምንወደው ክፍልም ነው። ካነበብነው በኋላ ግን ከፊት የሚቀመጠው ያው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2021 ደግሞ የምእመናን፣ የቤተሰብና የሕይወት ጉዳዮችን የሚከታተለው የቅድስት መንበር (የቫቲካን) ጽሕፈት ቤት ባወጣው ድንጋጌ፣ የዓለም አቀፍ የምእመናን ማኅበራት መሪዎች የአገልግሎት ዘመን ከአምስት ዓመት እንዳይበልጥ፣ አንድ ሰውም በማዕከላዊ አመራር ላይ በተከታታይ ከአሥር ዓመት በላይ እንዳይቆይ ወስኗል። ድንጋጌው የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ማኅበራትን እንጂ የእኛን ዓይነት የቁምስና ኮሚቴ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ለትልልቆቹ ያሰጋው ነገር ለትንንሾቹ የማያሰጋበት ምክንያት አይታየኝም። ጳጳሳት እንኳ 75 ዓመት ሲሞላቸው የመልቀቂያ ደብዳቤ እንዲያቀርቡ ይጠየቃሉ፣ ካርዲናሎች 80 ዓመት ካለፋቸው በኋላ ር.ሊ.ጳ. ለመምረጥ አይገቡም፣ ር.ሊ.ጳ. በነዲክቶስ 16ኛም እ.ኤ.አ. በ2013 መንበራቸውን በፈቃዳቸው ለቀዋል። የመዘምራን ኪቦርድ ኃላፊው ብቻ ነው ዕድሜ ልክ የተሾመው።

በእኛው ሀገር ታሪክም የሚጠቀስ አለ። ጣሊያናዊው ሚስዮናዊ ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ እ.ኤ.አ. በ1839 ወደዚህ ምድር ሲመጣ የራሱን ሥርዓት ይዞ ሊያስቀጥል አልሞከረም፤ ቋንቋውን ተማረ፣ የግእዙን ሥርዓት አከበረ፣ ጉልበቱንም በአብዛኛው ያዋለው የሀገሩን ልጆች ለክህነት በማዘጋጀት ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1860 በጉዞ ላይ ሳለ ሲሞት ሥራው አብሮት ያልተቀበረው ስለዚህ ነው። የቅድስና ማዕረጉ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ከወጣቶቻችን አብዛኞቹ ግን ፊቱን የሚያውቁት በግድግዳ ላይ ካለ ሥዕል ነው፤ በ15 ዓመቱ ያረፈውንና እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ቅዱስ የተባለውን ካርሎ አኩቲስን ግን ከነስኒከሩ በስልካቸው ያውቁታል። አልቀናሁም ማለት አልችልም፤ ቢሆንም ልጆቹ በዕድሜ የሚቀርባቸውን ሰው መምረጣቸው የዚህን ጽሑፍ ሐሳብ ያጠናክራል እንጂ አያፈርስም።

ወደ ርክክቡ ልግባ። የገንዘቡ ነገር ቶሎ አለቀ፤ ገቢና ወጪው በደረሰኝ የተያዘ ስለሆነ የቁምስናው ኦዲተሮች አይተው ፈረሙ፣ የባንክ ፊርማው ተለወጠ። የአዳራሹ ቁልፍ፣ ከበሮዎቹ፣ ድምፅ ማጉያው፣ የመዘምራን ልብሱ በንብረት ቅጽ ተቆጥረው ተሰጡ። ከንብረት ሁሉ ለማስረከብ ያስቸገረው የቴሌግራም ግሩፑ ነበር። ግሩፑ የተከፈተው በእኔ ስልክ ቁጥር ነው፤ ባለቤትነቱን በእኔ ቦታ ለተመረጠችው አዲስ ሰብሳቢ ካስተላለፍኩ በኋላ እንኳ ሰው መልእክት የሚልከው ለእኔ ነው፤ «ነገ ልምምድ አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል። መጀመሪያ «እገሌን ጠይቁ» ብዬ እመልስ ነበር፤ ይህም ራሱ አገናኝ ደላላ አደረገኝ። በመጨረሻ ከግሩፑ ወጣሁ። ግሩፑ ላይ «ወጥቷል» የሚለው ጽሑፍ ሲታይ በዚያው ቀን ሦስት ሰው ደውሎ ምን እንደተፈጠረ ጠየቀኝ፤ አንደኛዋ እናቴ ነበረች። እሷ ግሩፑ ውስጥ እንዳለች እንኳ አላውቅም ነበር።

ከሁሉ የከበደው ዕቃ ግን አንድ መዝገብ ነው፤ ስለ እሱ ለመናገር ከምክንያቱ መጀመር አለብኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሕንጻ ሥራ የሚተዳደር፣ እሑድ እሑድ ከኋላ ተቀምጦ የሚያስቀድስ አንድ ልጅ በአጭር ሕመም አረፈ። አብረውት የሚኖሩት ልጆች በስሙ ብቻ ነው የሚያውቁት። ስልኩ በኮድ የተዘጋ ስለሆነ ቤተሰቡ ማን እንደሆነ ማወቅ አልተቻለም፤ መታወቂያው ላይ ያለውም የወረዳው ስም ብቻ ነው። በነባር ሰፈር ሰው ሲሞት እድሩ ይነሣል፣ ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ማን ለማን እንደሚደውል ይታወቃል። ከዳር ባለው አዲስ ሰፈር ግን ተከራይ የቀን ሠራተኛ እድር የለውም፤ እድር የሚገባው ሊቆይ ያሰበ ሰው ነው። ከብሎኮቹ የአንዱ እድር፣ ሟቹ አባል ባይሆንም፣ ድንኳኑንና ወንበሩን ሰጠን፤ ይህን ውለታ ሁልጊዜ አነሣዋለሁ። ሬሳውን ወደ ሀገሩ ለመላክ ግን መጀመሪያ ሀገሩን ማወቅ ነበረብን። በመጨረሻ አንዲት ከሆሳዕና የመጣች ልጅ፣ ሟቹ በአንድ በዓል ላይ በሀዲይኛ ሲዘምር ሰምታው የየትኛው አካባቢ አነጋገር እንደሆነ ለይታ እንደነበር አስታወሰች፤ በዚያ በኩል ያሉ ካህናትን በስልክ እየጠየቅን ከአንዱ ቁምስና ወደ ሌላው ተመራርተን አባቱን አገኘናቸው። አባትየው በስልኩ መጀመሪያ የጠየቁት «ቆርቧል ወይ?» ብለው ነው። ቆርቦ ነበር፤ ባለፈው እሑድ አጠገቡ የቆመ ልጅ መሰከረ። የመኪናውን ኪራይ ወጣቶቹ አዋጡ፤ የፋብሪካ ልጆች ከደመወዛቸው፣ ተማሪዎቹ ከኪስ ገንዘባቸው።

መዝገቡ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ማንኛውም ወጣት ፈቃደኛ ከሆነ ሙሉ ስሙን፣ የክርስትና ስሙን፣ የተወለደበትን ቀበሌ፣ ያደገበትን ቁምስናና የአንድ ዘመድ ስልክ ቁጥር ያስመዘግባል። በወረቀት የተያዘ ነው፤ በቴሌግራም አይላክም፣ ፎቶም አይነሣም፤ በቁምስናው ጽሕፈት ቤት በሚቆለፍ ቁም ሣጥን ይቀመጣል፤ የሚከፍቱት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ልጆቹ ሲጽፉ ይሣቀቃሉ ብለን ነበር፤ አልተሣቀቁም። እንዲያውም አንዳንዶቹ የዘመድ ስልክ ሲጠየቁ ለረጅም ጊዜ ያልደወሉለትን ሰው ቁጥር ፈልገው ለማምጣት ሳምንት ጠይቀው፣ በዚያው ታርቀው ይመለሱ ነበር። ሰው ሰፈር ሲለውጥ ስሙ አይሰረዝም፤ የሄደበት ቦታ ይጻፋል፣ እዚያ ያለው ቁምስናም ይነገረዋል። ስብሰባና በዓል ለማዘጋጀት የማይጠቅም፣ ለሪፖርት የማይመች ሥራ ነው፤ በአስተባባሪነት ዘመኔ ከተሠራው ሁሉ ግን ያለ ማቅማማት የምቆምለት እሱ ነው። ስለዚህ ርክክቡን አልቸኮልኩበትም፤ ከአዲሷ ሰብሳቢና ከጸሐፊው ጋር ቁጭ ብለን ገጽ በገጽ አየነው፤ ስለ እያንዳንዱ ስም ማን እንደሆነ፣ በምን ሥራ ላይ እንዳለ፣ በየትኛው ብሎክ እንደሚኖር የማውቀውን ነገርኳቸው።

«የማውቀውን» ስል ግን ወሰን አለው፤ የአስተባባሪነት ርክክብ ከቢሮ ርክክብ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሰው ለወጣቶች አስተባባሪ ብዙ ነገር ይነግራል። ካህን አይደለሁም፤ የሚነገረኝ ነገር ኑዛዜ አይደለም፣ እንደ ንስሓ ምሥጢርም በቤተ ክርስቲያን ሕግ የታሰረ አይደለም። ነገር ግን በምሽት ከአዳራሹ ደጃፍ ቆሞ ስለ እርግዝናዋ፣ ስለ አባቱ መጠጥ፣ ስለ ተበላ ብድር፣ ስለ እምነቱ መዛል የነገረ ልጅ፣ የነገረው ለአንድ ሰው እንጂ ለአንድ ወንበር አይደለም። በሌላ በኩል ልጁ ነገ ችግር ላይ ቢወድቅ አዲሷ ሰብሳቢ ምንም ሳታውቅ ልትጎዳው ትችላለች። ከቆሞሳችን ጋር ተማክረን አንድ ሥርዓት አበጀን። አቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅን ደኅንነት የሚነካ ነገር ሁሉ ቀድሞውኑ በተነገረኝ ጊዜ ለሚመለከተው ተላልፏል፤ በዚህ ላይ ምሥጢር የሚባል ነገር የለም። የቀረውን ግን ባለቤቶቹን በየተራ እየደወልኩ ወይም እያገኘሁ፣ «ለእኔ የነገርከኝን ለሚተካኝ ሰው ልንገራት ወይስ ከእኔ ጋር ይቅር?» ብዬ ጠየቅኳቸው። አንዳንዶቹ «ይንገሯት» አሉ፤ አንዳንዶቹ ራሳቸው ሊነግሯት ፈለጉ፤ ብዙዎቹ «ከእርስዎ ጋር ይቅር» አሉ። ጥቂቶች ደግሞ ነግረውኝ እንደነበር ረስተውታል፤ እነዚህን በማስታወሴ ተደስተው ወይም ተከፍተው እንደሆነ ከድምፃቸው መለየት አልቻልኩም። ይህን ሥርዓት ሌሎች ቁምስናዎችም ቢሞክሩት እመክራለሁ፤ በየሥልጠናው ስለ ስብከት ዘዴና ስለ ፕሮጀክት አጻጻፍ ሲነገር እንሰማለን፣ ሰው የተነገረውን ይዞ እንዴት እንደሚወጣ ግን የሚያስተምር አላጋጠመኝም።

የተካችኝ ሰብሳቢ ለመመረቅ ገና ዓመታት የሚቀሯት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ሴት በመሆኗ የተነሣ ቅሬታ በግልጽ አልተሰማም፤ «ማታ ማታ እንዴት ትሆናለች?» የሚል አሳቢ የሚመስል ጥያቄ ግን ከአንዳንድ ወላጆች ተሰምቷል። የመለሰችው በሥራ ነው፤ በተመረጠች ማግስት የእሑድ ከሰዓቱን ስብሰባ ከቅዳሴ በኋላ ወዲያው እንዲሆን አዛወረችው፤ ምክንያቱም ከኮዬ በኩል የሚመጡት የፋብሪካ ልጆች ሲመሽ ታክሲ አያገኙም፤ የሌሊት ተረኞቹም ከሰዓት መተኛት አለባቸው። እሑድ ፈጽሞ ለማይመቻቸው ደግሞ በሳምንቱ መካከል አንድ ምሽት በኮንዶሚኒየሙ ኮሙናል ውስጥ መቁጠሪያ ጸሎትና የወንጌል ንባብ ጀመረች። እንዲሁም የማኅበሩን ዓመታዊ በዓል፣ ከነኬኩና ከነተጋባዥ ሰባኪው፣ ለዘንድሮ ሰርዛ ገንዘቡን ለሱባኤ መጓጓዣ አዋለችው። በዓሉን እኔ ብሆን አልሰርዘውም ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ በፈረቃ የሚሠራ ልጅ አንድ ቀን ተሰብስቦ መብላቱና መጨፈሩ ከሱባኤ ያነሰ መንፈሳዊ ነገር አይመስለኝም። ስትጠይቀኝ ይህንኑ ነገርኳት፤ አድምጣ ስታበቃ ሰረዘችው። ሹመቱ የእሷ ነው።

ስንሰነባበት ያለችኝን እዚህ ላስፍር፦ «ጋሼ፣ ከእንግዲህ የምደውልልዎ ስቸገር ብቻ ነው፤ ካልደወልኩ ተቀየመች እንዳይሉ።» የተስማማነው በዚህ ነው። እስከ ገና ድረስ በወጣቶች ስብሰባ ላይ አልገኝም፤ መዝገቡን በሚመለከት ጥያቄ ካላት ትጠይቀኛለች፤ ሌላ ሰው ስለ እሷ አሠራር ሊያማክረኝ ቢመጣ ወደ እሷ እመልሰዋለሁ። ይህን የመጨረሻውን መጠበቅ ካሰብኩት በላይ ጥንቃቄ ጠይቋል፤ የድሮ ሰብሳቢ ዘንድ ለማማት የሚመጣ ሰው አይጠፋም፣ ወሬውም መጀመሪያ ላይ የሚመጣው አሳቢነት መስሎ ነው።

አሁን እሑድ የምቆመው ከባለትዳሮቹ ጋር ነው። የሕንጻ ኮሚቴው ሲሚንቶና ብረት የሚከታተልለት ሰው ፈልጎ ጠይቆኛል፤ ከመስቀል በኋላ እመልሳለሁ ብያለሁ። በጥቅምት የሚሰበሰበው ጠቅላላ ጉባኤ ደግሞ ደንቡ ላይ የዕድሜ ጣሪያ ይጨመር አይጨመር የሚለውን ይወያይበታል። ሐሳቡን ያቀረቡት አዲሶቹ ልጆች ናቸው፤ ሰብሳቢ ሆኖ የሚመረጥ ሰው ከ29 ዓመት እንዳይበልጥ ይላሉ። እኔ የምደግፈው በአንድ ማሻሻያ ነው፤ ጣሪያው ለሰብሳቢውና ለምክትሉ ይሁን፣ ለትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎች ግን አይሁን፤ ጥሩ የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪ ለመሆን ዓመታት ይፈጃል፣ እንዲህ ያለውን ሰው በዕድሜ ምክንያት ማሰናበት ኪሳራ ነው። ድምፅ የመስጠት መብት ስለሌለኝ አስተያየቴን በጽሑፍ ለጸሐፊው አስገብቻለሁ።